ናቂና ቸልተኛ፤ መልስ ስላላገኘው ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ

ሰው በየዕለቱ ከሚናገራቸው ቃላት ብዙዎቹ ሳይመረመሩ ከአፍ የሚወጡ ናቸው። ይልቁንም የሰውን ጠባይ የሚገልጹት ቅጽሎች አንዱ በሌላው ስፍራ እየገቡ ትርጓሜያቸው ይደባለቃል። አንዱን ሹም ዛሬ «ትዕቢተኛ ነው» ይሉታል፤ ነገ ያው ሹም «ናቂ ነው» ይባላል፤ በሦስተኛውም ቀን «ቸልተኛ ነው» ተብሎ ይታማል። ሦስቱም ነቀፋ ስለ ሆኑ ተናጋሪው ልዩነታቸውን አይጠይቅም፤ ሰሚውም አይመረምርም። ነገር ግን ቃሎቹ ሦስት እንደ ሆኑ ነገሩም ሦስት ነው፤ ከሦስቱም እያንዳንዱ የሚያመጣው ጉዳት ለየራሱ ነው።

ትዕቢተኛ ራሱን ከፍ አድርጎ የሚያይ ነው፤ ዓይኑ ያለው በራሱ ላይ ነው። ናቂ ባልንጀራውን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ነው፤ ዓይኑ ያለው በሌላው ላይ ነው። ቸልተኛ ግን ጭራሹን የማያይ ነው፤ ጉዳይ ሲቀርብለት ፊቱን ወደ ሌላ ይመልሳል፤ ሲጠሩት እንዳልሰማ ይሆናል። ናቂ ቢሰድብ ስድቡ ራሱ ሰውየውን እንዳየው ምስክር ነው፤ ቸልተኛ ግን አይሰድብም፤ ለመስደብ እንኳ የሚያበቃ ነገር አላገኘምና።

በግዕዝ ቋንቋ መናቅን የሚያመለክቱ ግሶች አሉ። «አስተሐቀረ» ማለት ናቀ፣ አቃለለ ማለት ነው። «መነነ»ም እንዲሁ ናቀ፣ ጣለ ማለት ነው፤ ዓለምን ትቶ ወደ ገዳም የሚሄደውም ሰው መናኝ መባሉ ዓለምን የናቀ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ መናቅ ሁሉ ነውር አይደለም፤ መናኙ የናቀው ሀብትንና ክብርን ነው እንጂ ሰውን አይደለምና። ለቸልታ የሚቀርቡት ደግሞ «ሀኬት»ና «ዝንጋዔ» ናቸው፤ ይሁን እንጂ ልክ አይሆኑለትም። ሀካይ ስለ ታከተው ይተዋል፤ ዝንጉ ስለ ረሳ ይተዋል፤ ቸልተኛ ግን ኀይልም ትዝታም እያለው ነገሩ አይረባም ብሎ ይተዋል። ስለዚህ በቸልታ ውስጥ ንቀት ተሸሽጎ ይኖራል፤ ቸልታ ድምፅ የሌለው ንቀት ነው።

ይህ በዕለት ንግግር ሲገባ ይታወቃል። «ሽማግሌዎቹ ለዕርቅ ቢሄዱ በቸልታ ተቀበላቸው» ሲባል፣ አላባረራቸውም፣ ክፉም አልተናገራቸውም፣ ነገር ግን ከመቀመጫው አልተነሣላቸውም፣ ቃላቸውንም ወደ ልቡ አላስገባም ማለት ነው። «ዳኛው ቸልተኛ ነው» ሲባል፣ ጉቦ በላ ወይም ፍርድ ገመደለ ማለት አይደለም፤ የባለ ጉዳዩ ወረቀት በፊቱ ተዘርግቶ ሳለ አላነበበውም ማለት ነው። «አማቾቹን ይንቃል» ሲባል ግን ሌላ ነው፤ ዘራቸውን ቈጥሮ፣ ሀብታቸውን መዝኖ ከእርሱ በታች መሆናቸውን ወስኗል ማለት ነው። ናቂው ፈርዷል፤ በክፉ ይፈርድ እንጂ ፈርዷል። ቸልተኛው ግን ለመፍረድም አልተቀመጠም።

ይህ ልዩነት የሰዋስው ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ከኢትዮጵያ ታሪክ አንድ ምስክር ይጠራል፤ እርሱም የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። በዚህ ዘመን ንቀትም ቸልታም እየተከታተሉ ታይተዋል፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን ፍሬ አፍርተዋል።

የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1810 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። አባታቸው በሞቱ ጊዜ እናታቸው በችግር ላይ ወደቁ፤ ኮሶም ሸጠው ልጃቸውን አሳደጉ ተብሎ ተወራ። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት፣ ጠላቶቻቸው እንደ መሣሪያ ያዙት። የየጁዎች መንግሥት በጎንደር በጸናበት ጊዜ እቴጌ መነን፣ የራስ ዓሊ እናት፣ ሸፍተው የነበሩትን ካሣን ለመያዝ ጦር ላኩ፤ ደጃዝማች ወንድይራድም ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣዋለሁ ብሎ ፎክሮ እንደ ወጣ የዘመኑ ታሪክ ይተርካል። በጦርነቱ የተሸነፈውና የተያዘው ግን ወንድይራድ ነበረ። ካሣም እናታቸው ያልሸጠችው ኮሶ እንደ ተረፈ ነግረው ለፎካሪው ኮሶ አስጠጡት ይባላል። ወዲያውም በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነን ራሳቸው ተማረኩ።

በዚህ ስፍራ ትክክለኛው ቅጽል «ናቂ» ነው። ወንድይራድ ካሣን አይቷቸዋል፤ ጦር ይዞ እስኪወጣባቸው ድረስ ከቁም ነገር ቈጥሯቸዋል፤ የተሳሳተው በሚዛኑ ነው። የሰውን ክንድ ትቶ የእናቱን ሥራ መዘነ። እንደዚህ ያለው ንቀት ቶሎ ይጋለጣል፤ ናቂና የተናቀ በአንድ ሜዳ ስለሚገናኙ ነገሩ በአንድ ቀን ይፈረዳል። «የናቁት ያደርጋል ራቁት» የሚለው ተረት የተነገረው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ካሣ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ከአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የንጉሠ ነገሥቱም አሳብ የተከፋፈለችውን አገር አንድ ማድረግ፣ መኳንንቱን በሥርዓት ማስገባት፣ ከውጭም የክርስቲያን ነገሥታትን ወዳጅነት ማግኘት ነበረ። ከእንግሊዞች መካከል ሁለት ሰዎች በፊታቸው ሞገስ አግኝተው ነበረ። አንደኛው ቆንስሉ ዋልተር ፕላውደን ነው፤ ሁለተኛው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ተብሎ የሚጠራው ጆን ቤል ነው። ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. በጎንደር አቅራቢያ በሸፍቶች እጅ ቈስሎ ሞተ፤ ቤልም ከዚያ በኋላ በጦርነት ሞተ። ዐፄ ቴዎድሮስም የወዳጆቻቸውን ደም ተበቀሉ።

በፕላውደን ፈንታ የተሾመው ቆንስል ካሜሮን በ1854 ዓ.ም. ወደ ምጽዋ መጥቶ ኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ደረሰ። ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ የጦር መሣሪያም ስጦታ አመጣ፤ በስጦታው መካከል ለፕላውደን ስለ ተደረገው ቸርነት ምስጋና የተቀረጸበት ሽጉጥ ነበረ። አንባቢ ይህን ሽጉጥ ልብ ይበል፤ ወደ ኋላ ይመጣልና።

ዐፄ ቴዎድሮስ በስጦታው ደስ ተሰኝተው በጥቅምት ወር 1855 ዓ.ም. ለንግሥቲቱ ደብዳቤ አስጻፉ። በደብዳቤውም ከዝቅተኛ ኑሮ ተነሥተው ለመንግሥት መብቃታቸው የእግዚአብሔር ሥራ መሆኑን ገለጹ፤ ፕላውደንና ቤል ስለ ታላቂቱ ክርስቲያን ንግሥት ይነግሯቸው እንደ ነበረ አስታወሱ፤ ቱርክ የባሕሩን በር ስለ ያዘ መልእክተኞቻቸውንና ስጦታቸውን መላክ እንዳልቻሉ አመለከቱ፤ መልእክተኞቹ በደኅና የሚያልፉበትን መንገድ ንግሥቲቱ እንዲያዘጋጁላቸው ለመኑ። ሌሎች እንደ ነውር የሚቈጥሩባቸውን ዝቅተኛ ትውልድ እርሳቸው እንደ እግዚአብሔር ምስክር አድርገው በመጀመሪያው ቃል ማስቀመጣቸው የሚደነቅ ነው። ተመሳሳይ ደብዳቤም ለፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ለሦስተኛው ናፖሌዎን ላኩ።

ደብዳቤው በየካቲት ወር 1855 ዓ.ም. ሎንዶን ደረሰ። በዚያም የሆነው ነገር በጥቂት ቃል ይነገራል፤ ምንም አልሆነም። በሎርድ ራስል ይመራ የነበረው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን ተቀበለ፤ ወደ ሕንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም አስተላለፈው፤ እዚያም ያለ መልስ ተቀመጠ። የተቈጣ አልነበረም፤ የተከራከረ አልነበረም፤ ልመናው አይቻልም ብሎ የጻፈም አልነበረም።

ለዚህ ምክንያት አልጠፋም። የእንግሊዝ መንግሥት በክሪምያ ጦርነት ከቱርክ ጋር ሆኖ ሩስያን ወግቶ ነበረ፤ ከቱርክና ከግብፅ ጋር ያለውን ወዳጅነት ማፍረስ አልፈለገም። በዚያም ጊዜ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ስለ ነበረ የጥጥ ንግድ ታውኮ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የግብፅን ጥጥ ይሹ ነበረ። ስለዚህ በቱርክ ላይ ርዳታ የሚለምን ንጉሥ የማይመች ወዳጅ ሆነባቸው። ነገር ግን ምክንያት መኖሩ ቸልታን አያጸድቅም። ልመናን አለመፈጸም ሌላ ነው፤ ለለማኙ አለመመለስ ሌላ ነው። «አይሆንልንም» የሚል ደብዳቤ ቢጻፍ ኖሮ ንጉሠ ነገሥቱ ያዝኑ ነበረ እንጂ አይዋረዱም ነበረ፤ እምቢታ ከእኩያ ለእኩያ ይነገራልና። ዝምታ ግን ጌታ ለማያውቀው ሰው የሚያሳየው ፊት ነው።

ካሜሮንም ነገሩን አባሰው። ደብዳቤውን በመልእክተኛ ሰድዶ እርሱ ወደ ቦጎስ፣ ከዚያም የግብፅ ግዛት ወደ ነበረችው ወደ ከሰላ ሄደ። ዐፄ ቴዎድሮስ ወዳጄ ነው ያሉት ሰው ከጠላቶቻቸው አገር ሲመለስ አዩት፤ መልሱ የት አለ ብለው ቢጠይቁትም የሚሰጠው አልነበረውም። ከፈረንሳይም የመጣው መልስ ከንጉሡ ሳይሆን ከሚኒስትሩ የተጻፈ ሆኖ ስለ ተገኘ እንደ ውርደት ተቈጠረ። በ1856 ዓ.ም. መጀመሪያ ለካሜሮን ከመሥሪያ ቤቱ የመጣለት ወረቀት ወደ ምጽዋ እንዲመለስና በአገሪቱ ነገር እንዳይገባ የሚያዝ ነበረ፤ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ ግን አንድ ቃል አልነበረበትም።

በዚያው ወራት አሮጌው ንቀት በአዲስ መልክ ተመለሰ። ሄንሪ ስተርን የሚባለው ሚሲዮናዊ ስለ ጕዞው በ1862 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ የንጉሠ ነገሥቱን እናት ኮሶ ሻጭነት ጽፎ ነበረ። በጥቅምት 1856 ዓ.ም. ስተርን በሌላ ጥፋት ተይዞ ወረቀቱ በተመረመረ ጊዜ ይህ ተገለጠ። ወንድይራድ በፉከራ የተናገረው ቃል ከዐሥራ ሰባት ዓመት በኋላ በባሕር ማዶ በማተሚያ ተባዝቶ መጣ። ፉከራን ጦርነት ይመልሰዋል፤ የታተመን መጽሐፍ ግን ምን ይመልሰዋል? ከዚያም ጥቂት ሳምንታት ቈይቶ ካሜሮን ራሱ ታሰረ።

የሎንዶን መሥሪያ ቤት ያን ጊዜ ነቃ። ለንጉሡ ደብዳቤ በጎ መልስ ካልመጣ ከእስራት የመለቀቅ ተስፋ እንደሌለ ካሜሮን በምስጢር ጽፎ በላከ ጊዜ፣ የተቀመጠው ወረቀት ተፈለገ። በግንቦት 1856 ዓ.ም. ንግሥቲቱ መልሱን ፈረሙ፤ ሆርሙዝድ ራሳም የሚባል የዔደን ሹም እንዲያደርሰው ተላከ። ራሳም በሐምሌ ምጽዋ ደረሰ፤ ነገር ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ እስኪመጣ ከአንድ ዓመት በላይ ቈየ፤ ከፊታቸው የቀረበው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት 1855 የተጻፈ ደብዳቤ መልሱ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ፈጀበት ማለት ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳምን በክብር ተቀበሉት፤ እስረኞቹንም ፈቱለት። ይህም ቁጣው ከመልስ ማጣት እንደ መጣ ያስረዳል። ነገር ግን ልብ አንድ ጊዜ ከተጠራጠረ በኋላ መልስ ብቻ አይጠግነውም። በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. እስረኞቹ ሊሄዱ ሲነሡ ራሳምም ጭምር ሁሉም ተያዙ። ንጉሠ ነገሥቱ ብልሃተኞች ከእንግሊዝ አገር እንዲላኩላቸው ጠየቁ፤ እስረኞቹም መያዣ ሆኑ።

ለእውነት ሲባል ሌላውም ወገን መነገር አለበት። የተናቁት ንጉሥ እየዋሉ እያደሩ ራሳቸው ናቂ ሆኑ። መልእክተኛን ማሰር በየትኛውም አገር ሕግ አልተፈቀደም። ዘውድ የጫኑላቸውን አቡነ ሰላማን በመቅደላ አስረው አኖሩ፤ ጳጳሱም በእስራት ሳሉ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፉ፤ አቃጠሉ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱም ንዋየ ቅድሳት ተወሰደ። የካህናቱን ልመና በቸልታ የሰሙት እርሳቸው፣ የእርሳቸውን ልመና በቸልታ በሰሙት ላይ ይቈጡ ነበረ። ንቀት ተላላፊ በሽታ ነው፤ የተናቀ ሰው ቍስሉን ካልጠበቀ በሽታውን ለባልንጀራው ያስተላልፋል። በመጨረሻው ዘመን አገሩ ሁሉ ከእጃቸው ሲወጣ የቀራቸው ጥቂት ጭፍራ፣ መቅደላና በብዙ ድካም ተጐትቶ የወጣው ታላቅ መድፍ ሴባስቶፖል ብቻ ነበረ።

የእንግሊዝ መንግሥት በነሐሴ 1859 ዓ.ም. ጦር ለመላክ ቈረጠ። በሰር ሮበርት ናፒየር የተመራው ጦር ከሕንድ ተነሥቶ በዙላ ወደብ ወረደ። ወታደሩ 13,000 ያህል ነበረ፤ ከእርሱም ጋር ብዙ ሺሕ ተከታዮች፣ ግመሎችና በቅሎዎች፣ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖችም ነበሩ። ከወደቡ ወደ ተራራው ሥር የምድር ባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። የዘመቻው ወጪ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ይህን ሁሉ ከአንድ ወረቀትና ከአንድ ማኅተም ዋጋ ጋር የሚያነጻጽር ሰው፣ ቸልታ ርካሽ መስሎ የሚገዛ፣ ውድ ሆኖ የሚከፈል ዕቃ መሆኑን ይረዳል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በዕለተ ስቅለት በመቅደላ ሥር በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ። ፊታውራሪ ገብርዬና ብዙ መቶ ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። በማግሥቱና በበዓለ ትንሣኤ ዐፄ ቴዎድሮስ እስረኞቹን ለቀቁ። ለበዓሉም እንዲሆን 1,000 ላምና 500 በግ ለናፒየር ላኩ። በአገሩ ልማድ የምግብ ስጦታ የተቀበለ ታርቋል፤ ንጉሠ ነገሥቱም በመጀመሪያ ስጦታው የተወደደላቸው መስሏቸው ነበረ። ኋላ ግን ከብቱ እንዳልተቀበሉላቸው በሰሙ ጊዜ ተስፋቸውን ቈረጡ። የመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ አላገኘም፤ የመጨረሻውም ስጦታ ተቀባይ አላገኘም።

ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግሥት፣ እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለመስጠት እምቢ ብለው በሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ሽጉጡም ካሜሮን ያመጣው የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ ነበረ። የምስጋና ቃል የተቀረጸበት ብረት የሞት መሣሪያ ሆነ፤ ስጦታውን ያመጣው ሰውም በእስር ቤት ኖሮ ከሁለት ቀን በፊት ተፈትቶ በእንግሊዞች ሰፈር ነበረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሊቃውንት ይልቅ የሚያሳዝን ነው። የመቅደላ መድኃኔ ዓለም መጻሕፍትና ንዋያት ተዘረፉ፤ ምርኮውንም ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚደርሱ በቅሎዎች አስፈለጉ። በደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ተደረገ፤ ከብሪታንያ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስም ገዢ ሆኖ ቀረበ። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ወደ ሎንዶን ሄዱ፤ ዛሬም በዚያ ይገኛሉ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ክብረ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍና ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን የክርስቶስ ሥዕል እንዲመልሱላቸው ጻፉ። መጽሐፉ ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን ደብዛው አልተገኘም የሚል መልስ መጣ። ኋላ እንደ ታወቀው ሥዕሉ በዚያ ጊዜ በሆምስ እጅ ነበረ። ይህ መልስ በቶሎ የተሰጠ ነበረ፤ ነገር ግን ያልጠየቀ፣ ያልመረመረ መልስ ነበረ። ስለዚህ ቸልተኛ የሚለው ቅጽል ለዝምተኛ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ሳይመረምር ለሚመልስም ይነገራል።

ሰባት ዓመት የሆናቸው ልዑል ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ፤ እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱ። ልዑሉ በባዕድ አገር ተምረው በ1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመታቸው አረፉ፤ በዊንድሶርም በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀበሩ።

እንግዲህ የተናቀ ሰው ምን ያድርግ? ለዚህ ጥያቄ ሌላ ደብዳቤ ይመልሳል። ዐፄ ምኒልክ በነገሡ ጊዜ በ1882 ዓ.ም. ንግሥናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ አስታወቁ፤ ከእነዚያም አንዷ ያችው ንግሥት ቪክቶሪያ ነበሩ። የመጣው መልስ፣ የኢትዮጵያ ነገር በኢጣልያ መንግሥት በኩል የሚያልፍ ስለ ሆነ ደብዳቤው ወደዚያ ተላልፏል የሚል ነበረ። ምክንያቱ በውጫሌ ውል በ17ኛው ክፍል የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ከአማርኛው የተለየ መሆኑ ነው። ይህም እንደ መጀመሪያው የሚያዋርድ ነበረ፤ እንዲያውም ይብሳል፤ የፊተኛው ዝም ያለ ሲሆን የኋለኛው ግን «አንተ የራስህ አፍ የለህም» እንደ ማለት ነበረና።

ዐፄ ምኒልክ ግን መልእክተኛ አላሰሩም። መልሱን ያነበቡት እንደ ስድብ ብቻ አይደለም፤ እንደ ማስረጃም ነው። የቃሉ ልዩነት የት እንዳለ ከመልሱ ተረድተው በ1883 ዓ.ም. ለኢጣልያ ንጉሥ ጻፉ፤ በዚያው ዓመት የኢትዮጵያን ወሰን የሚያስታውቅ ደብዳቤ ለኀያላን መንግሥታት ላኩ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንዳፈረሱት አስታወቁ። ከደብዳቤውም ጋር መሣሪያ ገዙ፤ መኳንንቱን አስተባበሩ። ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተፈረደ። በሚቀጥለውም ዓመት የእንግሊዝና የፈረንሳይ መልእክተኞች በአዲስ አበባ ደጅ ጠኑ። «የናቁት ያደርጋል ራቁት» የሚለው ተረት በመቅደላ ግማሽ ብቻ ተፈጽሞ ነበረ፤ ናቂው ገንዘቡን ከፈለ እንጂ አልተራቈተም፤ የተናቀው ነው የሞተው። በዐድዋ ግን ሙሉውን ተፈጸመ። ልዩነቱ ያለው በናቂዎቹ ጠባይ አይደለም፤ በተናቁት አመላለስ ነው። አንደኛው ንጉሥ ቍስሉን ይዘው ወደ ቅርብ ሰው ዞሩ፤ ሁለተኛው ቍስሉን ይዘው ወደ ሥራ ዞሩ።

ይህ ታሪክ የነገሥታት ብቻ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የድኻ ማመልከቻ ይቀመጣል፤ በየደብሩ ደጅ የሚጠና አለ፤ በየቤቱም አባቱን የሚጠራ ልጅ አለ። ያን ወረቀት ያላነበበ ጸሐፊ ወይም ያን ልጅ ያልሰማ አባት ራሱን ናቂ ነኝ አይልም። ክፉ አልተናገርኩም፣ ማንንም አልሰደብኩም ብሎ ኅሊናውን ያሳርፋል። የሎንዶኑም መሥሪያ ቤት ሰዎች እንዲሁ ነበሩ፤ ከመካከላቸው ጦርነት ያሰበ አልነበረም። ወረቀቱን ከወረቀት ጋር አኖሩት፤ ሌላ ምንም አላደረጉም። ስለዚህ «ቸልተኛ» የሚለው ቅጽል ቀላል ነቀፋ ተደርጎ መነገር የለበትም፤ «ናቂ» ከሚለው ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

የመቅደላ ነገር ዛሬም ገና አልተዘጋም። በ1911 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከሚገኝ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስ ጕንጕን ጠጕር ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በ1915 ዓ.ም. ደግሞ የልዑል ዓለማየሁ ቤተ ዘመዶች ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠየቁ፤ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥትም በአጠገቡ የተቀበሩትን ሌሎች ሙታን ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ። ይህ እምቢታ ነው፤ ያሳዝናልም። ነገር ግን የተጠየቀው ተሰምቷል፤ ምክንያቱም ተነግሯል፤ ምክንያት የተነገረበት ነገር ደግሞ ሊመረመርና እንደ ገና ሊጠየቅ ይችላል። የጥቅምት 1855ቱ ደብዳቤ ያጣው ይህን ያህል ነበረ።